ቅጹን የሚሞላው ማነው?

ይድረስ፦ አዲስ አበባ ለምትገኙና ለአነስተኛ የልማት ሥራዎች ድጋፍ ለምትሰጡ ኤምባሲዎች በሙሉ
ግልባጭ፦ «ፕሮፖዛል ጻፍልን» እያላችሁ ለምትመጡ ወገኖቼ
ጉዳዩ፦ የማመልከቻ ቋንቋን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ሌላ ሥራ አለኝ። ደመወዝ የለውም። ቅጽ እሞላለሁ። የእናንተን ቅጽ።

አጀማመሩን በደንብ አስታውሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው የተነሡት። አንደኛው የእድር ዳኛ ናቸው፣ አንደኛው ገንዘብ ያዥ፣ አንደኛው ጸሐፊ። ጸሐፊው ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የመንደራቸው ልጅ አትሞ የሰጣቸው ነው። አሥራ አንድ ገጽ። ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ።

«ይሄ ወረቀት ገንዘብ አለው አሉን» አሉ ዳኛው። «ምን እንደሚል ንገረን።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ብዙ ኤምባሲዎች ከትልልቁ የመንግሥት ለመንግሥት እርዳታ ሌላ አንድ ትንሽ ኪስ አላቸው። ኤምባሲው ራሱ አመልካች ተቀብሎ፣ ራሱ መርጦ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። የጃፓኑ በ1989 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ጃፓኖቹ «ኩሳኖኔ» ይሉታል፣ የሣር ሥር እንደማለት። ባብዛኛው ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 10 ሚሊዮን የን ይሰጣሉ። የመማሪያ ክፍል፣ ጤና ጣቢያ፣ ጉድጓድ ይሠራበታል። ካናዳም ለአካባቢ ሥራዎች የሚሆን ፈንድ አላት። ጣሪያው 100,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ አብዛኛው ፕሮጀክት የሚያገኘው ግን ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። የአሜሪካ አምባሳደሮች «ራስ አገዝ» የሚሉት ፈንድ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶጎ ውስጥ ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው። ለቅርስ ደግሞ ሌላ አላቸው፤ የላሊበላው ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሲጠገን ገንዘቡ ከዚያ ነበር። አውስትራሊያም፣ ፊንላንድም፣ ሌሎችም እንዲህ ያለ ኪስ አላቸው።

ለእናንተ ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው። ለአንድ ቀበሌ ግን የአንድ ትውልድ ገንዘብ ነው። እውነቱን ለመናገር ከትልልቁ እርዳታ ይልቅ ይሄን እወደዋለሁ። የገባበት ይታያል። እጅህን ዘርግተህ ትነካዋለህ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። የሚፈልጉት ቀላል ነው። ከገደል ሥር የሚወጣ ምንጭ አላቸው። ከላይ ሰው ይቀዳል፤ አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ በሬና በግ ይጠጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሁሉንም ያደባልቀዋል። በጋ ላይ ደግሞ ውሃው ይሳሳና ሴቶቹ በጣሳ እየጨለፉ ነው ጀሪካን የሚሞሉት። አልቅት አለበት። ከዚያ ቀበሌ የሚመጣ አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ከአፍንጫው ደም ይንጠባጠብ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወስጄው በወረንጦ ሲያወጡለት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የጣቴን ግማሽ ያህላል። ጥቁር። ከነነፍሱ።

ስለዚህ ምንጩ ይጎልብትልን ነው የሚሉት። ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታጠር። ማጠራቀሚያ ይሠራለት። በቱቦ ወርዶ ሦስት ሩቢኔት ይኑረው። ለከብቶቹ ገንዳ ለብቻ። አለቀ። ይህን ለመናገር ለዳኛው ሁለት ደቂቃ በቃቸው።

ቅጹን ለመሙላት አምስት ቅዳሜ ፈጀብን።

አንዱ ጥያቄ «ቲዮሪ ኦፍ ቼንጅ» ይላል። «የለውጥ ንድፈ ሐሳብ» ብዬ ተረጎምኩት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እኔም አፈርኩ። ትንሽ አሰብኩና «ውሃው ሲመጣ ምን ይለወጣል ነው የሚለው» አልኳቸው። ገንዘብ ያዡ ወዲያው «አልቅት ይቀራል» አሉ። ጸሐፊው ደግሞ «ልጆቹ አርፍደው ትምህርት ቤት መሄድ ይቀራል» አሉ። ይኸው ነው እንግዲህ። እኔ ግን ይህን ብዬ አልጻፍኩም። ብጽፈው ማን ያነበዋል? ግማሽ ገጽ በሚያክል እንግሊዝኛ ጠቀለልኩት። የጻፍኩትን አማርኛ አድርጌ ስመልስላቸው ዳኛው ዝም ብለው ሰሙና «ይሄ የኛ ምንጭ ነው?» አሉኝ።

የባሰው ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። «ሰስቴነቢሊቲ» ይላል። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ማን ይጠብቀዋል ማለት ነው። እሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበሌው ድረስ ሄጄ ራሳቸውን ሕዝቡን ጠየቅኩ። ወንዶቹ ኮሚቴ፣ ሊቀ መንበር፣ ምክትል እያሉ ተናገሩ። ስብሰባ ለምደዋል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን ሳያወጡ ጀመሩ።

«የቦኖው ቁልፍ ለወንድ እንዳይሰጥ» አሉ። «ወንድ ውሃ አይቀዳም። ተዘግቶ ቢውልም ትዝ አይለው። ለምንጩ ጎረቤትም እንዳይሰጥ። እሷ ማታ ማታ ለራሷ ትከፍታለች፣ ማን ያያታል? ቤቷ የሁሉ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ትያዘው። ውሃው ቢባክን ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ ጀሪካን ይዛ የምትመለሰው እሷ ናታ!»

ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ በአንድ ድምፅ ተስማማ።

እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? «በጾታ የተመጣጠነ የውሃ አስተዳደር ኮሚቴ ይቋቋማል።» በእንግሊዝኛ ደግሞ ከዚህም ያምራል። ቅጹ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። በዚህ ሥራ ከጻፍኩት ሁሉ የማፍርበት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው። የእኚያ እናት ሐሳብ ስንት ውሃ ጠጥቶ የመጣ ነው። የእኔው ደግሞ ከሌላ ፕሮፖዛል ላይ የተቀዳ።

የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው። ገንዘባችሁ ለሣሩ ሥር ነው፣ ስሙም እንደዚያ ይላል። ቅጻችሁ ግን ሥሩ የሚያውቀውን ሁሉ አጥልላችሁ አስቀሩልኝ ይላል። እናንተ ዘንድ የሚደርሰው የቀበሌው ሐሳብ ሳይሆን የእኔ እንግሊዝኛ ነው። የምትመዝኑትም እሱን ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሌለው ቀበሌስ? እዚያ ምንጭ የለም? አልቅት የለም?

በነገራችን ላይ ያን ቅጽ በጊዜው አላደረስነውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማስታወቂያው የመጨረሻው ቀን «12:00» ድረስ ይላል። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል። አሥር ሰዓት ላይ መጣ። እኔ ተረጋግቼ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለን ብዬ፣ ቃለ ጉባኤውንና የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ስካን አስደርጌ ከኢንተርኔት ቤት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። ማመልከቻ መቀበል ያበቃው እኩለ ቀን ላይ ነበር። እኔ እኮ ልጆቹን «ቱዌልቭ ኦክሎክ ማለት በእኛ ስድስት ሰዓት ነው» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ! ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። ለዳኛው ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «ፈረንጅ ቀኑን እኩሌታው ላይ ነው እንዴ የሚጨርሰው?» አሉና ሳቁ።

በዓመቱ ሌላ ኤምባሲ ሞከርን። ይሄኛው በኢንተርኔት የሚሞላ ነው። ቀን ሲጠይቅ ከዝርዝር ነው የሚያስመርጠው። የእድሩ ቃለ ጉባኤ የተፈረመው ጳጉሜን 3 ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ላለው ሰው ጳጉሜን ከየት ይመጣል? ሴፕቴምበር 8 ብዬ ሞላሁት። ዋናው ወረቀት ላይ ያለው ቀንና ቅጹ ላይ ያለው ቀን ለየቅል ሆነ። «የተመሠረተበት ዓመት» የሚለው ላይ ደግሞ 1978 ብዬ ዝም አልኩ፣ መዝገቡ ላይ እንደተጻፈው። እድሩ የተቋቋመው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ነው። ኤምባሲው ግን በራሱ አቆጣጠር አንብቦ ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጥ እድር አገኘ ማለት ነው። ማንም አልጠየቀኝም። እስካሁንም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

የእድሩን መዝገብ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቅጻችሁ «የፋይናንስ አስተዳደር ልምድ አላችሁ ወይ?» ይላል። የሁለት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አያይዙ ይላል። እድሩ ያለው ዳር ዳሩ በአይጥ የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው። ማን በየትኛው ወር ስንት ከፈለ። ማን ቀረ፣ ስንት ተቀጣ። ስንት አግዳሚ፣ ስንት ብረት ድስት፣ ድንኳኑ የት ተቀደደ፣ ማን ሰፋው። ደርግ ወድቆ፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄዶ፣ ያ መዝገብ አንድ ወር አልዘለለም። እኔ የምሠራበት ቢሮ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ቢኖረው እመኛለሁ። ይህን የት አያይዤ ልላክላችሁ?

ሌላም አለ። ቅጻችሁ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶችን እንዴት ጠፍሮ ይዞ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ የተባለበት ጊዜ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያን አነሣው፣ ለድርጅቶቹ እፎይታ ሆነ። እድር ግን አዋጁ ከሚመለከታቸው ውስጥ አይደለም። ባህላዊ ማኅበር ስለሆነ በዚያ ሕግ አይመዘገብም። ስለዚህ ያን ወረቀት ከየትም አያመጣም። እኛ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ስም ነው ያመለከትነው። ኃላፊው ጥሩ ሰው ሆነው፣ ማህተሙና ቲተሩ በአንድ ቀን ተመታልን። ሌላ ወረዳ ቢሆን ግን «ነገ ተመለሱ» ሲባል ክረምት ይገባ ነበር።

ፕሮፎርማውን ደግሞ ስሙኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ትላላችሁ። ትክክል ነው፣ ለሌብነት በር ይዘጋል። ግን ውሳኔያችሁ ለመምጣት ወራት ይፈጃል። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴውን የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ጻፍልኝ ስለው እየሳቀ ጻፈና «መምህር፣ ይሄ ወረቀት እስከ ነገ ጠዋት ነው የሚሠራው» አለኝ። ልክ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የውጭ ገንዘቡ ገና ለነበረው ጥሩ ሆነለት። ቀድሞ መንዝሮ ባንክ ያስቀመጠው ግን በዚያው ብር የሚገዛው ፌሮ ቁጥሩ ቀነሰበት። ፕሮፎርማው ወረቀት ላይ እንዳለ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ዋጋ ላይ ነው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ አልቆይበትም። የጃፓንም የካናዳም የበጀት ዓመት የሚዘጋው ማርች መጨረሻ ላይ ነው፣ በእኛ መጋቢት 22። የእኛ ገበሬ ኅዳርና ታኅሣሥ እህሉን ሳይሰበስብ ለልማት ሥራ አይወጣም፣ አይፈረድበትም። ክረምት ላይ ደግሞ ሲሚንቶ ጭኖ የሚወጣ መኪና የለም። ስለዚህ ሕዝቡ በጉልበቱ ሊሠራ የሚችለው ከጥር ጀምሮ ነው። ልክ እናንተ «ሪፖርት ላኩ» በምትሉበት ሰሞን። እሱም ቢሆን 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም ሲቀነስ ነው። የሥራ መርሐ ግብሩ ላይ በወር ሃያ ሁለት የሥራ ቀን ብዬ ስሞላ ገንዘብ ያዡ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ይሄ የየትኛው አገር ወር ነው?» አሉኝ።

አሁን ደግሞ ደግ ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛው ኤምባሲ ሰው ላከ። ሁለት ሆነው መጡ። አንዷ ፈረንጅ፣ አንዱ ያገራችን ልጅ። መኪናው መውጣት ስላልቻለ የመጨረሻውን አንድ ሰዓት በእግራቸው ነው የወጡት። ያገራችን ልጅ ምንጩ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። የቀረበለትን ጠላ ጠጣ። ከዚያ አማርኛውን ጀመረ።

«እማማ፣ ይሄ ቧንቧ ቢሰበርስ?»

እኚያ እናት የቁልፉን ነገር ነገሩት። ሩቅ ያለችው ሴት፣ ባዶው ጀሪካን፣ ሁሉንም። እየሳቀ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ቀጥሎ እድሩ በየወሩ ከሚዋጣው ላይ ለሩቢኔት መቀየሪያ የሚሆን ለብቻ እንደሚያስቀምጥ ነገሩት። እሱን እኔም አልሰማሁም ነበር! አምስት ቅዳሜ ስንጽፍ ማን ጠየቃቸው? ግማሽ ሰዓት ነው የተቀመጠው። ሲነሣ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ማመልከቻው ላይ ለምን የለም?» አለኝ።

ምን ልበለው? «በእንግሊዝኛ ነዋ የጻፍኩት» አልኩት።

ምንጩ ተሠራ። የካቲት ላይ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸከመ፣ አሸዋ በአህያ አጋዘ። ከጎኑ ባንዲራ ያለበት ታፔላ ቆሟል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ። ለተማሪዎቼ የንባብ መለማመጃ ሆኗል፣ አልከፋኝም። ቁልፉን የያዘችው ከሁሉ ሩቅ ቤት ያላት ሴት ናት። ለሰጣችሁን እግዜር ይስጥልን። የምለውን ሁሉ የምለው ምስጋናዬን ሳልረሳ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ በአገሩ ቋንቋ ተቀበሉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ቸገራችሁ፣ ምን ልትሠሩ ነው፣ እናንተ ምን ታዋጣላችሁ፣ ካለቀ በኋላ ማን ይጠብቀዋል። በእጅ የተጻፈም ይሁን። መጻፍ ለማይችል ደግሞ የአምስት ደቂቃ የቴሌግራም ቮይስ ይሁንለት። ከዚያ ውስጥ የወደዳችሁትን ለዩና ሰው ላኩ፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይበል። አሥራ አንድ ገጹን እንግሊዝኛ ከፈለጋችሁት ከዚያ በኋላ ለተመረጡት ብቻ ይሁን፤ ያኔ እኔም ቅዳሜዬ ቢሄድ አይቆጨኝም።

አማርኛ ብቻ ማለቴ አይደለም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ሌላውም። አፋር ያለ አርብቶ አደር ስለ ኤላው፣ ስለ ውሃ ጉድጓዱ፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ማለት ከባድ ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ ማለትም ያው ነው።

አይቻልም እንዳትሉኝ። የጃፓን ኤምባሲዎች ላቲን አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ድጋፍ የሚሰጡት በስፓኒሽ በተዘጋጀ ቅጽ ነው። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው የአፍሪካ አገሮች በፈረንሳይኛ። ጃፓንኛ ካልጻፋችሁ አላሉም። ስለዚህ ነገሩ የለጋሹ ቋንቋ ጉዳይ አይደለም። ቅኝ ገዥ ቋንቋውን ጥሎለት የሄደ አገር በሚያውቀው ቋንቋ ይጽፋል፤ እኛ ቋንቋችንን ይዘን በመቅረታችን ተቀጣን ማለት ነው? ይቺን እንደ ቀልድ ውሰዷት። ግማሿን።

የሰው ኃይል የለንም ትሉ ይሆናል። ይገባኛል፣ ማመልከቻው ብዙ ነው። ግን ቢሯችሁ ውስጥ ቅጹን ከሚያነቡት ስንቶቹ ያገራችን ልጆች ናቸው? እኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ጎትቼ የላክሁትን እነሱ አንብበው፣ ቀበሌውን በአማርኛ በዓይነ ሕሊናቸው አይተው፣ መልሰው በእንግሊዝኛ ለአለቃቸው ያቀርቡታል። አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው። ቪዛ ክፍል አስተርጓሚ ይቀመጣል አይደል? ለሚሄደው ሰው ያላችሁትን፣ እዚሁ ለሚቀረውም አድርጉለት።

ሌባ ይበዛል ካላችሁ ደግሞ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሌባው እንግሊዝኛ ይችላል። ፕሮፖዛል መጻፍ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው አለ። አንዱ «ገንዘቡ ከተለቀቀ ከመቶ አሥር» ብሎ እኚሁን ሽማግሌዎች ጠይቋቸው ነበር፤ ወደ እኔ የመጡትም ለዚያ ነው። የአንዱን ቀበሌ ወረቀት ለሌላው ስሙን ቀይሮ ይሸጣል። አንዳንዴ መቀየሩንም ይረሳል። የደጋ ቀበሌ ፕሮፖዛል ውስጥ ስለ ግመል የተጻፈ አንቀጽ አንብቤያለሁ። ያ ወረቀት አማርኛ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ራሳቸው አንብበው «ግመል ከየት መጣ?» ባሉ ነበር። ሕዝቡ የፈረመበትን ማንበብ ሲችል ጠባቂው በዛ ማለት ነው።

ለእናንተም ለወገኖቼ ግልባጭ አድርጌያለሁና ትንሽ ልናገር። ጥፋቱ የኤምባሲ ብቻ አይደለም። እኛም ፈረንጅ ምን ይወዳል ብለን እንጂ ምን ቸገረን ብለን አንጽፍም። አንድ ሰሞን «ጾታ» ሲባል ሁሉም ጾታ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ «የአየር ንብረት ለውጥ» ሲባል የተሰበረ ድልድይ ሳይቀር የአየር ንብረት ይሆናል። ደግሞም ኤምባሲ ሳይኖር ሥራ ነበር። የጉራጌ ሕዝብ በንጉሡ ዘመን መንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ እያዋጣ፣ አገሩ ድረስ መንገድ አስወጥቷል። ማመልከቻ አልሞላም። ቅጽ ጠፋ ብላችሁ ምንጩን ክፍቱን አትተዉት። ቢያንስ የከብቱን መጠጫ ከሰው መቅጃ ለመለየት ማንም አያስፈልግም፣ አንድ እሁድ ይበቃል። ይህን ለዳኛውም ነግሬያቸው፣ ትንሽ ተቀይመውኝ፣ ኋላ ሠሩት።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ፌስታል አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይዘውት መጡ። ወፍጮ ይፈልጋሉ። አንደኛዋ ከነልጇ ነው የመጣችው። ስትናገር ጻፍኩ፣ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ወፍጮው የት ቢተከል ሁለቱ ጎጥ እንደማይጣላ፣ ናፍጣ ሲጠፋ ለሳምንት የሚሆን ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ክፍያው ለምን በገንዘብም በእህልም መሆን እንዳለበት፣ ሁሉም አለበት። ቅጹን ገና አልጀመርኩም። መልሳችሁን ልጠብቅ ብዬ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ
ሰሜን ሸዋ

ማስታወሻ፦ መጥታችሁ ልታነጋግሩኝ ብትፈልጉ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቤት አለሁ። ሦስት ሰዓት ያልኩት በእኛ ነው።